የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ትምህርትና የነጋዴው ጥቅም

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጽሐፍ ከማቀበልና መልሶ ከመደርደር በቀር ሌላ ተግባር ያለው የማይመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ አሳብ ግን በነጋዴው ላይ ኪሳራ የሚያመጣ ስሕተት ነው።

ለምሳሌ ያህል በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ሕግ መመልከት ይበቃል። የዚህ ሕግ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጽሐፍ በ2013 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1243 ተሽረዋል፤ ስለ ማጓጓዝ፣ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገሩት ሦስተኛውና አራተኛው ግን በዚያ ዐዋጅ አልተነኩም። ይህን ያላወቀ ሠራተኛ የንግድ ማኅበር ለማቋቋም ለመጣው ሰው የተሻረውን ሕግ ያቀብለዋል። እንደዚሁም በ2020 እ.ኤ.አ. ኢንኮተርምስ ዲኤቲ የተባለው ቃል በዲፒዩ መተካቱን ያልሰማ ሠራተኛ፣ አስመጪውን በአሮጌ ደንብ ውል ያስጽፈዋል።

ስለዚህ ሠራተኛው አለቃው ለትምህርት እስኪልከው ድረስ እጁን አጣጥፎ ሊጠብቅ አይገባውም። በመጀመሪያ መልስ ያጣላቸውን ጥያቄዎች በደብተር ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ ከእነዚህ ደጋግመው የመጡትን ለይቶ በየሦስት ወሩ አንዱን አጥንቶ ለመጨረስ ቀን ይቍረጥ። ሦስተኛ፣ ያጠናውን ለባልደረቦቹ ያስረዳ፤ የሚያስረዳ ሰው የጎደለውን ያውቃልና።

ይሁን እንጂ ሸክሙ ሁሉ በሠራተኛው ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ቤተ መጻሕፍት ያለው ድርጅት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለጥናት ይፍቀድለት። ሰዓቱ በደመወዝ መዝገብ ወጪ ሆኖ ቢታይም፣ ትርፉ በትክክል በተጻፈው ውል ላይ ይገኛል።