ኮርሳ ለመግዛት ያሰባችሁ ሠልጣኞች፣ ማግኔት ያዙ!

ለዚህች ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ባለፈው እትም በዚሁ ግድግዳ ላይ አንድ ሠልጣኝ ወንድማችን ያሰፈረው ሐሳብ ነው። ወንድማችን «መምህር ብስክሌት ከገዛ አዲስና ባለ ብዙ ማርሽ ይግዛ፤ ያገለገለ መግዛት የሰው ችግር በገንዘብ መግዛት ነው» ብሎ ነበር። አባባሉ ያምራል፤ ብዙዎቻችንም እዚሁ ቆመን አንብበን ስቀናል። እኔ በበኩሌ ግን አልተስማማሁም። ይህንኑ ምክር ማንም ሳይመክረኝ በገዛ ገንዘቤ ሞክሬ የከሰርሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ዝም ብዬ ማለፉን ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

እንደሚታወቀው ሁሉ ከዚህ ተመርቀን ስንወጣ አብዛኞቻችን የምንመደበው ገጠር ትምህርት ቤት ነው። ቤት ኪራዩ ከተማ፣ ሥራው ከከተማ ወጣ ያለ ቀበሌ የሚሆንበት መምህር ጥቂት አይደለም። በየቀኑ ለባጃጅ የሚከፍል ሰው ደመወዙ ወር አይደርስለትም፤ በእግሩ የሚሄደው ደግሞ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በላብ ተጠምቆ ይጀምራል። ስለዚህ ብስክሌት ለኛ መዝናኛ አይደለም። ከደመወዛችን ቆጥበን የምንገዛው የመጀመሪያው ትልቅ ዕቃ እሱ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ ከተሳሳትን ሁለተኛ ለመግዛት ዓመት ይፈጃል።

እኔ የወረታ ልጅ ነኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ሙሉ ክረምት በፎገራ ሜዳ የሩዝ አረም በቀን ሥራ እያረምሁ ገንዘብ አጠራቀምሁ። የሩዝ አረም ያረመ ሰው ያውቀዋል፤ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ወገብ ጎብጦ፣ አልቅት ከእግር ላይ እየነቀሉ የሚዋልበት ሥራ ነው። በዚያ ገንዘብ ባለ ሃያ አንድ ማርሽ፣ ከፊት ስፕሪንግ ያለው፣ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ አዲስ ብስክሌት ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው «አሉሚኒየም ነው፣ ዝገት አያውቀውም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልዛገም። በሦስተኛው ወር ግን የመቀመጫው ዘንግ የሚሰካበት ቱቦ ተሰነጠቀ። በያጅ ዘንድ ወሰድሁት። በያጁ በጥፍሩ ቧጠጥ አደረገና «ልጄ፣ ይኼ አሉሚኒየም ነው፤ የኔ ኤሌክትሮድ አይዘውም» ብሎ መለሰልኝ። ወደ ሻጩ ብመለስ «አያያዝህ ነው» አለ። ዛሬ ያ ብስክሌት እናቴ ማድቤት ጣራ ሥር ተሰቅሎ ዶሮዎች ያድሩበታል። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም፤ ያ ደግሞ ከቁጣ የባሰ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ስለ ብረት መጠየቅ የጀመርሁት። አጎቴ በወጣትነቱ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። እሱ እንዳስረዳኝ፣ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ መጉበጡ ይታያል፣ ይቃናል፣ ቢሰነጠቅም የወረዳ ከተማ በያጅ ይይዘዋል። አሉሚኒየም ግን መንገድ በመታው ቁጥር ድካም ያጠራቅማል። ብየዳውም የአርጎን ጋዝ ያለበት ሌላ ዓይነት መሣሪያ ይሻል። ጥሩ አሉሚኒየም የለም ማለቴ አይደለም፤ ሞልቷል። በኛ አቅም የሚገኘው ርካሹ ግን ሲሰበር ጠጋኝ የለውም ነው የምለው።

ታዲያ ቀለም የተቀባ ፍሬም ምን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? በማግኔት ነዋ! ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣች ቁራጭ ማግኔት በኪስ ይዞ መሄድ ነው። ፍሬሙ ላይ ስታስጠጓት ጥብቅ ካለች ብረት ነው። ቀጥሎ ወደ ቸርኬው ውሰዷት፤ እዚህ ላይ ግን እንዳትይዝ ጸልዩ። ለምን ቢባል፣ ክሮም የተቀባ የብረት ቸርኬ በደረቅ ቀን ደኅና ይቆማል፤ ዝናብ ሲነካው ግን የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተትበታል። የአሉሚኒየም ቸርኬ በዝናብ ከዚያ በጣም ይሻላል። ከደብረ ታቦር በዓለም በር አድርጋችሁ ወደ ወረታ የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ በሐምሌ ዝናብ፣ ከኋላ አይሱዙ እየመጣ፣ የማይዝ ፍሬን ጨብጦ መገኘት ያስፈራል። እንግዲህ ፍሬሙን ማግኔት ይያዝ፣ ቸርኬውን አይያዝ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር የጎማ ቁጥር ነው። ኮርሳ የምንለው፣ የስፖርት ሰዎች ኮርስ የሚሉት፣ ያ ቀጭን ጎማና ወደ ታች የታጠፈ መሪ ያለው ብስክሌት ከሩቅ ሲታይ ጎማው ሁሉ አንድ ይመስላል። ጎኑን ጠጋ ብላችሁ ብታነቡት ግን እንደ 28-622 ያለ ቁጥር አለበት። የፊተኛው የጎማው ውፍረት ነው፤ የኋለኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። አሁን አሁን የሚሠሩት ኮርሳዎች ብዙውን ጊዜ 622 ናቸው። የድሮዎቹ፣ 27 ኢንች የሚባሉት፣ 630 ናቸው። ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሆኖም አንዱ ለሌላው አይሆንም፣ በጉልበት ቢያስገቡትም አይገባም። ፎኒክስና ፍላይንግ ፒጅን የሚባሉት ከባዶቹ የቻይና ብስክሌቶች ደግሞ 635 ናቸው፤ ባለ 26 ኢንቹ የተራራ ብስክሌት 559 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሱቅ ገብታችሁ የትኛው ቁጥር ጎማና ከመነዳሪ እንደሚገኝ ጠይቁ፣ ከዚያ ብስክሌት ፈልጉ። ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ብስክሌቱን ገዝቶ ጎማ ፍለጋ አዲስ አበባ ሰው ይልካል!

ውፍረቱንም ቢሆን አትናቁት። ተወዳዳሪዎች 23 ሲነዱ ኖረዋልና እኔም 23 ካልሆነ የሚል አለ። አስፋልቱ የተቦረቦረ መሆኑን ረስቶ ነው። ፍሬሙና ፍሬኑ ቦታ ከሰጡ 28 ወይም 32 ግጠሙ፤ ጉድጓድ ሲመታ ከመነዳሪው ቶሎ አይበሳም፣ ወገብም አይመታም።

መምህር ከማስመሪያ አይለይምና ማስመሪያችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። የብስክሌት ካቴና ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ፒን ግማሽ ኢንች፣ ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ካንድ ፒን ተነሥታችሁ ሃያ ቁጠሩ፤ አዲስ ካቴና ልክ 25.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 25.6 ካለፈ ካቴናው አልቋል፤ ምናልባትም የኋላውን ጥርስ አብሮ በልቶታል፣ ሁለቱንም ለመቀየር ሒሳብ ውስጥ አስገቡ። አንድ ሻጭ ስለካ አይቶ «መምህር፣ ጨርቅ ልትገዛ ነው የመጣኸው?» ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ እንጂ ምናለ! ለካሁት፣ 25.8 ሆነ፣ ትቸው ሄድሁ።

ቁመታችሁንም እንዲሁ ለኩ። ባዶ እግራችሁን ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙና ደብተር በእግራችሁ መኻል እስከ ላይ አስጠግታችሁ ያዙ፤ ከመሬት እስከ ደብተሩ ጫፍ ያለውን በ0.67 አባዙት። 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውጤቱ 53.6 ነው፤ ፔዳሉ ከሚዞርበት መኻል እስከ ላይኛው ዘንግ ድረስ በመቀመጫው ቱቦ ላይ ሲለካ ወደዚህ የሚጠጋ ኮርሳ ይበቃችኋል። ፍጹም ሕግ አይደለም፤ ግን ሻጭ ካለው ላይ ከሚመርጥላችሁ ይሻላል።

ከዚህ ላይ ስለ እህቶቻችን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ባሕር ዳር ሴት ብስክሌት ስትነዳ ማንም ዞሮ አያይም። በኛ በኩል ግን ገና «እሷ ደግሞ!» የሚል አለ፤ እሱን ትተነዋል። የባሰው ነገር እህቶች የሚሸጥላቸው ብስክሌት ለወንድ ቁመት የተሠራው መሆኑ ነው። ሻጩ «መቀመጫውን ዝቅ አድርጊው» ይላል። መቀመጫው ዝቅ ቢል መሪው አይቀርብም! ክንድ ተወጥሮ፣ ትከሻ ታምሞ፣ በሁለተኛው ሳምንት ብስክሌቱ ለወንድም ይሰጣል። ከሁለት አንዱን ማስተካከል ከተቻለ ትልቁን ከማሳጠር ትንሹን ከፍ ማድረግ ይቀላል።

ሁለተኛውን ብስክሌቴን ባለፈው ዓመት ከባሕር ዳር ገዛሁ። አጎቴም አብሮኝ ሄደ። የመጀመሪያው ያየነው ከመሪው ሥር፣ ሁለቱ ቱቦዎች ከሚጋጠሙበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ቀለሙ ተጨማዶ ነበር። አጎቴ በጣቱ ዳበሰውና «ይኼ በግንባሩ ተጋጭቷል» አለ፤ ተውነው። ሁለተኛው ቸርኬው ማግኔቱን ያዘ። እኔ ቸኩዬ ልገዛው ነበር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ አጎቴ እጄን ይዞ አወጣኝ። ከሰዓት በኋላ አንድ ቀለሙ የተላላጠ፣ ከኋላ አምስት ጥርስ ብቻ ያለው፣ ሚዛኑ ደኅና የሆነ የብረት ኮርሳ አገኘን። ጎማው ሲሽከረከር አልተወላገደም፤ የፔዳሉን ክንድ ይዘን ወደ ጎን ብንወዘውዘው አልተነቃነቀም። ዋጋውም ካለኝ ገንዘብ አንድ አምስተኛውን አስተረፈልኝ። ይህ ትራፊ የድንገት አይደለም፤ አጎቴ አስቀድሞ «ከአምስት እጅ አራቱን ብቻ ነው ይዘን የምንከራከረው» ብሎኝ ነበር። በአንድ አምስተኛዋ አዲስ ካቴና፣ ሁለት ከመነዳሪ፣ የፍሬን ላስቲክና ሽቦ፣ ማስቲሽና መንፊያ ገዛሁ።

በማግሥቱ ጧት በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ ወደ ወረታ ነዳሁት። ሐሙሲት ላይ ሻይ ጠጣሁ። የጉማራን ድልድይ ስሻገር ነፋሱ ከሜዳው ፊት ለፊት መጣብኝና እግሬ ዛለ። 60 ኪሎ ሜትር ገደማውን በሦስት ሰዓት ተኩል ጨረስሁት። እናቴ በር ላይ ቆማ «ይኼስ ዶሮ ይችላል?» አለችኝ። ያን ጊዜ ሳቅን፤ ስለ መጀመሪያው ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነበር።

ስለ ማርሽ ብዛት ረጅም ማለት አያስፈልግም። ከወረታ እስከ ጉማራም ሆነ እስከ ርብ ሜዳ ነው፤ ሃያ አንድ ማርሽ ምን ይሠራል? ወደ ደብረ ታቦር በኩል የሚመደብ ግን ከኋላ ሰፋ ያለ ጥርስ ይፈልግ፣ አለዚያ ዓለም በርን አልፎ መግፋት ነው። ወጣቱ በስልክ ውድድር እያየ ካርቦን ይመኛል፤ አልፈርድበትም። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ፣ በኪጋሊ ሲካሄድ ማን ያልጓጓ አለ? የውድድር ብስክሌት በዓለም አቀፉ ደንብ ከ6.8 ኪሎ እንዳያንስ እስኪወሰን ድረስ ቀሏል። ግን አገራችን መጀመሪያ ኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በሜልቦርን እ.ኤ.አ. በ1956 የሄዱት ብስክሌተኞቻችን በነዱበት ዘመን ኮርሳ ማለት ብረት ነበር።

ለወንድማችን አንድ ነገር አምንለታለሁ። ኮርሳ ለሁሉም አይሆንም። ናበጋ ወይም ዋገጠራ በኩል ለተመደበ መምህር፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ዋልካው ጎማና ፍሬን መኻል ተጠቅጥቆ ብስክሌቱን ሰው ነው የሚሸከመው። የ1998ቱን የፎገራ ጎርፍ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል፤ ያን ያህል ባይሆንም ውኃው የሚተኛበት ቦታ ላይ ምንም ብስክሌት አይሄድም። እዚያ የተመደበ ሰው አስፋልት ዳር ካለ ዘመድ ወይም ከሚታመን ሰው ቤት እያስቀመጠ የቀረውን በእግሩ ቢሄድ፣ ወይም እስከ ጥቅምት ድረስ ግዥውን ቢያቆይ ይሻለዋል። አዲስና ባለ ብዙ ማርሹም ከዚያ ጭቃ አያወጣውም፤ ማርሹ ውስጥ ገለባ ገብቶ ቀድሞ የሚቆመው እሱ ነው።

ወንድማችን መልስ ካለው በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ አነበዋለሁ። ማግኔቷ እኔ ዘንድ ናት፤ ቅዳሜ ብስክሌት ሊያይ የሚሄድ ሁሉ ሊዋሰኝ ይችላል። የተሰነጠቀውን ፍሬም በዓይኑ ማየት የሚሻም ካለ ወረታ ቤታችን ይምጣ፤ ብቻ ዶሮዎቹ ከወረዱ በኋላ ይሁን።