«ጃጅተዋል» ብሎ መተው

ለዕረፍት ወደየቤታችን የምንሄድ ተማሪዎች ገና ከደጃፍ የምንሰማው አንድ ክስ አለ። ሴት አያታችን ከመቀነታቸው የቋጠሩት ገንዘብ ጠፋ፤ የሰረቀችውም ሠራተኛይቱ ናት። ልጅቱ ታለቅሳለች፤ እናታችን በሁለቱ መካከል ትጨነቃለች። እኛም የተማርን ነንና ችሎት ተቀምጠን ማስረጃ እናቀርባለን። «እማማ፣ ትናንት ራስዎ ከትራስ ሥር አስቀምጠውት የለም እንዴ!» እርሳቸው ግን ይብሱን ይቈጣሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኛም ከሌቦቹ ተቈጠርን ማለት ነው።

በአገራችን ይህ ኹሉ «መጃጀት» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ ግን የአንጎል ሕመም እንጂ የዕድሜ ጠባይ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. ለባልደረቦቹ ባስረዳው የአንዲት ሴት ሕመም፣ አስቀድሞ የታየው ምልክት ባሏን ያለልክ መጠርጠሯ ነበር። እንግዲህ ጥርጣሬው ከሕመሙ ጋር የመጣ ነው። ደግሞስ ገንዘቡን ያስቀመጡበት ትዝታ ከጠፋና ገንዘቡም ከቦታው ከሌለ፣ «ሰው ወሰደው» ከማለት በቀር ምን ይባላል? በሎጂክ ትምህርት እንዲህ ያለው መልስ ማርክ ያሰጣል።

ስለዚህ ክርክሩን ትተን «ገንዘብ መጥፋቱ ያናድዳል፤ ይምጡ አብረን እንፈልግ» ብንል ይሻላል። ልጅቱም በዚህ ምክንያት ደመወዟ ሊቈረጥ ወይም ልትባረር አይገባም፤ ቀኑን ሙሉ አብራቸው የምትውለው እርሷ ናት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ «ወደ ቤቴ ልሂድ» ይመጣል። «ቤትዎ ይኸው ነው» ማለት አይጠቅምም፤ የሚፈልጉት ቤት በልጅነታቸው የነበረው ነውና። ስለዚያ አገር መጠየቅ፣ የሚለቅሙት ምስር ከፊታቸው ማቅረብ፣ መብራቱን በጊዜ ማብራት ይረዳል። የግቢውን በር መዝጋት ግድ ነው፤ ሰውን ከክፍል አስገብቶ መቈለፍ ግን ሌላ ነገር ነው። በመድኃኒት ማደንዘዝም እንዲሁ ነው፤ ለአእምሮ ሕመምተኞች የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎችን ለሞት ሊያደርሱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2005 አስጠንቅቋል።

ጠባያቸው በአንድና በሁለት ቀን ድንገት ከተለወጠ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ ሊናገሩት ያቃታቸው ቍርጥማት፣ የውሃ ጥም ሊሆን ይችላል። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ የሚውሉ አሉ፤ እኛ «ይጠጡ» ብንል አይሰሙንም። የንስሐ አባታቸው መጥተው ለሕመምተኛ እንደተፈቀደ ቢነግሯቸው ግን ይጠጣሉ።

ይህን ኹሉ የምንናገር እኛ ለሁለት ሳምንት የመጣን ነን። እናታችን ግን ዓመቱን ሙሉ በየሌሊቱ ኮቴ ሰምታ ትነሣለች። በመጪው ዕረፍት ምክር ከመስጠታችን በፊት በር አጠገብ እኛ እንተኛ፤ እርሷ ለጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ትጥገብ።