ስካነር ስንት ዓመት ያገለግላል?

በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የጋብቻ ሰነድና የይዞታ ደብተር ይገኛሉ። በቆላ ከተሞች ደግሞ ምስጡም አቧራውም የወረቀት ጠላት ነው። ስለዚህ ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌና ዶሎ ኦዶ ያላችሁ እናቶች «ስካነር ብንገዛ ስንት ዓመት ይቆያል?» ብትሉ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ከደመወዝ ተቆንጥሮ የሚገዛ ዕቃ ዕድሜው አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባልና።

ስካነር በሁለት ይከፈላል። ወረቀቱ በመስታወት ላይ የሚዘረጋበት ዓይነት የሚንቀሳቀስ አካሉ ጥቂት በመሆኑ፣ በጥንቃቄ ከተያዘ እስከ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል። ወረቀት እየሳበ የሚያስገባው ግን የጎማ ሮለሮቹ ስለሚያልቁ መለወጫ ይፈልጋል። በመሆኑም ከመግዛታችሁ በፊት መለዋወጫው በቅርብ መገኘቱን ጠይቁ።

ብዙውን ጊዜ ግን ስካነሩን ከአገልግሎት ውጭ የሚያደርገው ብልሽት ሳይሆን የኮምፒውተሩ መለወጥ ነው። ሁለቱን የሚያግባባው ፕሮግራም ለአዲሱ ኮምፒውተር ካልተዘጋጀ ደህናው ዕቃ ሥራ ይፈታል። ለምሳሌ ዊንዶውስ 10 የተባለው ሥርዓት የአምራቹ መደበኛ ድጋፍ የተቋረጠው በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ነው። ስለሆነም አሮጌ ስካነር በርካሽ ተገኘ ብላችሁ አትቸኩሉ።

አያያዙስ? አብዛኞቹ የቤት ስካነሮች የሚሠሩት እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ነው። እንደ ዶሎ ኦዶ ባሉ ቦታዎች ቀትር ላይ ሙቀቱ ከዚህ ስለሚያልፍ ሥራውን በማለዳ ጨርሱ። በቦና ወራት አቧራ እንዳይገባው በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። መስታወቱን ስትወለውሉ ከኤሌክትሪክ ንቀሉት፤ ፈሳሹንም በጨርቁ ላይ እንጂ በመስታወቱ ላይ አታፍስሱ። መብራት ሲጠፋም ሶኬቱን መንቀል አይዘንጋ፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ሊያቃጥለው ይችላልና።

በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ጦር ሰፈር ወታደሮች ካመፁባቸው ምክንያቶች አንዱ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖች ጉድጓድ እንዳይቀዱ መከልከላቸው ነበር። አንድ መሣሪያ ሲቆም ሌላ መላ ከሌለ ችግሩ ምን ያህል እንደሚከፋ ከዚህ እንረዳለን። ለቤታችንም እንዲሁ ነው። የሰነዶቹን ቅጂ በኮምፒውተሩ ብቻ አትተዉ፤ አንዱን በፍላሽ፣ ሌላውን በሌላ ከተማ ባለ የቅርብ ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ። ዋናውን ወረቀት ግን አትጣሉ፤ ቅጂው አይተካውምና።

በዓመት ጥቂት ወረቀት ብቻ የምታነሡ ከሆነ ስካነር መግዛት አያስፈልጋችሁም። በብርሃን ቦታ በስልክ ማንሳት፣ አለዚያም ፎቶ ኮፒ ቤት ማስነሳት ይበቃል፤ እዚያ ሲነሣ ቅጂው ከኮምፒውተራቸው እንዲጠፋ ማሳሰብ ብቻ ነው። የተረፈው ገንዘብ ለልጆች ደብተር ይሁን።