ርካሽ ሽሮ ከየት ይመጣል?

ዛሬ የዋጋ ዝርዝር ሳይሆን አንድ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ።

ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ በየገበያ ቀኑ "ሽሮ ዛሬ ስንት ገባ?" ትሉኛላችሁ። እኔም "ሽሮ" ብዬ አንድ ዋጋ እጽፋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሽሮ እኮ አንድ ዕቃ አይደለም። አንዱ ንጹህ ሽምብራ ነው፣ ሌላው ባቄላና አተር የተቀላቀለበት ነው፣ ሌላው ጓያ የገባበት ነው። ከተፈጨ በኋላ፣ በተለይ በርበሬ ካለበት፣ በዓይን መለየት ከባድ ነው።

የሚለየው ሂሳብ ነው። ለስሌት እንዲመቸን ጥሬ ሽምብራ ኪሎው 100 ብር ነው እንበል። 10 ኪሎ ገዛችሁ፤ 1,000 ብር። ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ተነፍሶ 8 ኪሎ ቢተርፍ፣ ኪሎው 125 ብር ገባ ማለት ነው። ቅመሙና የወፍጮው ገና አልተቆጠረም። ታዲያ "ንጹህ የሽምብራ ነው" ተብሎ በ110 ብር ሲሸጥ ነጋዴው ከኪሱ እየጨመረ ነው እንዴ? ከውስጡ ሌላ ነገር አለ።

ቅልቅል ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ከደጋው የሚወርደው ባቄላና አተር የራሳችን ነው፣ ወጡም ይጣፍጣል። ግን ቅልቅል ከሆነ በስሙና በዋጋው ይሸጥ። ጓያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል። ስንዴ ወይም በቆሎ ሲጨመርበትም የሚጎዳው ልጃችን ነው። ቆጮ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። ሥጋና ወተት በማይገኝበት ቤት ጉድለቱን የሚሸፍነው ይሄው ጥራጥሬ ነው።

ምን ይሻላል? ጥሬውን ግዙ። ጥሬው አይዋሽም፦ ሽምብራ ድብልብል ሆኖ ጫፉ ላይ ሹል አፍንጫ አለው፤ ጓያ ማዕዘን ያለውና ጠፍጠፍ ያለ ነው። ሽምብራ በክረምቱ መውጫ በቀረው እርጥበት ተዘርቶ በጥርና በየካቲት ይሰበሰባል። ዓቢይ ጾምም በዚያው ሰሞን ስለሚገባ ፈላጊው ይበዛል፤ አዲሱ ምርት ገበያ እንደገባ ፈጠን በሉ። "ኩንታል ከየት አምጥቼ?" ለምትሉ፣ ግማሽ ኩንታል ለአራት ጎረቤት 12 ኪሎ ተኩል ይደርሳል። ለቀማውም በቡና ላይ ያልቃል።

ንጹህ ዱቄት ከተገኘ ደግሞ ለሽሮ ወጥ ብቻ አታውሉት። ቅመም ሳይገባበት ጥቂት አስቀሩ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ በዝግታ እሳት እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉት። ሲቀዘቅዝ ሎሚ፣ ዘይት፣ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሩበት። ቡቲቻ ማለት ይሄው ነው፤ እንቁላል የሚያስረሳ!

ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቻናል ላይ "ሽሮ" ብዬ አንድ ዋጋ አልጽፍም። ንጹህና ቅልቅል ለየብቻ ይወጣል፤ ከጎኑም የጥሬው ሽምብራ ዋጋ ይኖራል፣ ሂሳቡን ራሳችሁ ትሠራላችሁ። እናንተም ዋጋ ስትልኩ ከምን እንደተፈጨ ሻጩን ጠይቃችሁ ላኩ። ነጋዴ ወንድሞችና እህቶች፣ ጆንያው ላይ የያዘውን ጻፉበት። በእውነት የሚሸጥ ደንበኛ አያጣም።

መልካም ገበያ!