ከቅዳሴ የምትዘገየው እናቴ

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በቁምስናችን የተከበሩ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፥ «እናትህ ምነው ሁልጊዜ ከወንጌል በኋላ ትደርሳለች? እንጀራዋ በለጠባት እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልሰጠሁም፤ እንዲያውም እውነቱን ልናገርና በእናቴ አፈርሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ስለዚያ ዝምታዬ ነው። የሌላ ሃይማኖት ተከታይ የሆናችሁ ጓደኞቼም እናት አላችሁና ገጹን አትለፉት።

አባቴ ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን እሑድ መንገድ ላይ ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ በሥራ ቀን ሌሊት በአሥር ሰዓት ትነሣለች። ሊጥ በነካው እጇ መቍጠሪያ መያዝ ስለማይሆንላት የምትቈጥረው በእንጀራው ነው። አክንባሎውን በከደነች ቍጥር ለእመቤታችን አንድ ሰላምታ ታደርሳለች፤ አሥር እንጀራ ሲወጣ አንዱ ምሥጢር ተፈጸመ ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ለፈተና ላጠና ሌሊት የተነሣሁ ዕለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለብቻዋ የምታወራ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ አትጋግርም። ነገር ግን ታናናሾቼን አጥባ፥ የእኔን ሸሚዝ ተኵሳ ከሸኘችን በኋላ፥ አልጋ ላይ የዋሉትን አያቴን አገላብጣና አብልታ፥ ጎረቤት መጥታ እስክትተካት ትጠብቃለች። እኛ በሰዓቱ የምንደርሰው እርሷ ስለምትዘገይ ነው።

አንዳንዶች «እንዲህ ያለች እናት ግዴታ የለባትም» ይላሉ። እውነት ነው፤ በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ እንደ ሕመምና እንደ ሕፃናት እንክብካቤ ያለ ከባድ ምክንያት ሰውን ከእሑድ ቅዳሴ ግዴታ ነፃ እንደሚያደርገው ያስተምራል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ይሁን እንጂ ይህ ቃል በእኛ በልጆች አፍ ሲነገር አልወደውም። «እርሷ ነፃ ናት» ማለት ለማን ይመቻል? ለእኔ ይመቻል። እናቴ ግን መምጣት ትፈልጋለች፤ የቸገራት የሚተካት ሰው እንጂ ፈቃድ አይደለም።

ፈረንሳይ አገር በአላንሶን ከተማ የኖረችው ቅድስት ዜሊ ማርቲን ዘጠኝ ልጆች ወልዳ አራቱን በልጅነታቸው ቀብራለች፤ የዳንቴል ንግድም ነበራት። ቅድስት ትሬዛ የመጨረሻ ልጇ ናት። ብዙ ሰው የዜሊን ትዕግሥት ያደንቃል፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ባሏ ሉዊ ነው። በ1870 የሰዓት ሥራ ሱቁን ሸጦ በሚስቱ ንግድ ረዳት ሆነ። በ2015 ቤተ ክርስቲያን ቅድስናቸውን ያወጀችው ለሁለቱ በአንድነት ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1964 ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ሲሰይም፥ እናት ብቻዋን ሰባኪም ጠራጊም ደወል ደዋይም ትሁን አላለም።

ከጥቅምት ጀምሮ እሑድ ጠዋት ከአያቴ ጋር የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ማታ ወደሚቀደሰው ቅዳሴ እሄዳለሁ። ሸሚዜንም ራሴ እተኵሳለሁ፤ አንዱን አቃጥያለሁ። በመጀመሪያው እሑድ እናቴ ደወሉ ሳይደወል ደረሰች። ታናሽ እህቴ እንደ ነገረችኝ፥ ከበሩ አጠገብ ካለው ከኋለኛው ወንበር በቀር ስለማታውቅ የት እንደምትቀመጥ ጨንቋት ጥቂት ቆማ ነበር።