«ሸገር ገባሁ»

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከ20 ዓመት በኋላ ከአሜሪካ መጣ። ሲደውል ስልኩን ያነሳችው ልጄ ነበረች። «ሸገር ገባሁ እኮ!» አላት በደስታ። እሷም ቡና ልትቆላ ወደ ጓዳ ሮጠች። የምንኖረው ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ ነው። መታወቂያዋ ላይ «ሸገር ከተማ» ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ ሸገር የገባ እንግዳ ሰፈራችን ደርሷል ማለት ነው። ቶናው ሊቀዳ ሲል መልሳ ደወለችለት። «ጋሼ፣ የት ጋ ደረስክ?» «ነገርኩሽ እኮ፣ ሸገር ነኝ፤ ቦሌ አርፌያለሁ። ነገ እመጣለሁ።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። እሱ አገር ሲለቅ ሸገር የአዲስ አበባ የቁልምጫ ስም ነበር። በጨዋታ መሃል፣ በናፍቆት ጊዜ የሚጠራ እንጂ ማህተም ላይ የሚቀረጽ አልነበረም። ኋላ ሬዲዮው ሸገር 102.1 ተባለ፤ የከተማ አውቶቡስም ስሙን ወሰደው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን አዋህዶ ሸገር ከተማ አላቸው። ትናንት አዲስ አበቤ ከተማውን የሚያቆላምጥበት ቃል ዛሬ የዙሪያው ነዋሪ ሕጋዊ አድራሻ ነው። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን አሁንም የድሮውን ይዘው ይናፍቃሉ።

አራዳ የሄደበት መንገድ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በምኒልክ ዘመን አራዳ ማለት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው ትልቁ ገበያ ነው። እዚያ ውሎ ያደገ ሰው ዋጋ መከራከርን፣ ሰው ማወቅን፣ አለመታለልን ይማራል። በዚህ የተነሳ የቦታው ስም የሰው ጠባይ ሆነ። ጣሊያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ሲያዛውረው ገበያው ሄደ፣ ቃሉ ቀረ። የከተማውን ብልሃት ያልተማረው ደግሞ «ፋራ» ተባለ። እኛ ተማሪ ሳለን ከሰበታ ወይም ከሱሉልታ መጣሁ ያለ ልጅ ይህችን ቃል ሳይቀምስ አይውልም ነበር። ያኔም ያመኝ ነበር፣ ዛሬም ያመኛል። አሁን የአራዳው ልጅ የቤት ኪራይ ከብዶት አለም ገና ወጥቶ ይኖራል፤ ከጎረቤቱ ጋር «አካም» ተባብሎ፣ ከጓደኛው ጋር «ጀለስ» ተባብሎ ይውላል።

በዙሪያችን ባሉት ከተሞች የአራዳ ቋንቋ የሚወለደው መንገድ ላይ ነው። ከአየር ጤና ሰበታ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ፣ ከአስኮ ቡራዩ የሚመላለስ ሰው መኪናዎቹን በፋብሪካ ስማቸው አይጠራም። በደርግ ጊዜ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት የተገጠመለት ፒክአፕ «ውይይት» ይባል ነበር። ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተገናኝቶ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየ ይሄዳል፤ ልክ በየቀበሌው ተሰብስቦ እንደሚቀመጥበት የውይይት ክበብ። ሕዝቡ አዳራሹ ውስጥ ጮክ ብሎ ሊናገር የማይችለውን በመኪና ስም ተናገረው።

«አባዱላ» የሚባለውን ሚኒባስም እዩ። አባ ዱላ በኦሮሞ ባህል የጦር መሪ ነው። ኋላ የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት የአባዱላ ገመዳ ስም ሆነ። ከዚያ መኪናው በእሳቸው ስም ተጠራ። ዛሬ በሱ የሚሳፈር ተማሪ በአንድ ቃል ውስጥ ሦስት ዘመን ይዞ ይጓዛል።

ከሁሉ ግን «ቀይ ሽብር» ያስጨንቀኛል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የስንት ቤት ልጅ የበላው የዚያ ዘመን ስም ሲኖትራክ ለሚባለው የጭነት መኪና ተሰጠ፤ መኪናው ቀይ ነው፣ አደጋውም ሰው ይፈጃል። አይሱዙውም በተራው «አልቃይዳ» ተባለ። በሰበታ መንገድ ዳር ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች «ቀይ ሽብር መጣ!» ብለው ከአስፋልቱ ሲሸሹ አይቻለሁ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ዝም አሉ። ልጆቹ ስለ መኪና ነው የሚያወሩት፤ እሳቸው የሰሙት ሌላ ነው። ልጆቹን ቃሉን ማንም አላስተማራቸውም፤ የቃሉን ታሪክም ማንም አልነገራቸውም። የመጀመሪያው አያሳስበኝም፣ ሁለተኛው ግን በጣም ያሳስበኛል።

የአራዳ ቋንቋ አማርኛን ያበላሻል የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። ትናንት ታክሲ ስሳፈር ወያላው «ፋዘር፣ ጋቢና ይግቡ» አለኝ፤ ከኋላ ለነበሩት አሮጊት ደግሞ «ማዘር፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» አላቸው። ፋዘርና ማዘር የእንግሊዝ ናቸው፣ ጋቢና የጣሊያን ነው። «ይግቡ» እና «ይበሉልኝ» ግን የኛው አንቱታ ነው። ልጁ ቃል ተበድሯል እንጂ አክብሮቱን አልጣለም። ቴሌግራም ላይ ጫማ የሚሸጡትም «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላሉ። የውስጥ መስመር ድሮ የመሥሪያ ቤት ስልክ ነበር፤ ዛሬ ለብቻ የሚላክ መልእክት ነው። ቋንቋው አሮጌ ዕቃውን ጠግኖ ይሠራበታል፣ አልጣለውም።

ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት የአገሬውን ቃል እየለቀሙ ነው። የኛ ዘመን ለቃሚ ያስፈልገዋል። «ላሽ»፣ «ነፍ»፣ «ፎንቃ» የሚሉት ቃላት መቼ መጡ፣ ማን ለማን ይላቸዋል፣ በየትኛው ዘመን ትርጉማቸው ተቀየረ የሚለውን የሚጽፍ ሰው ካሁኑ መነሳት አለበት፤ ውይይት ላይ የተሳፈሩት ሰዎች እያረጁብን ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪ ወደ ታክሲ ተራ ቢልኩ መልካም ነው፤ ወያላዎቹ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

እስከዚያው እርስዎ ይጀምሩ። ዛሬ ማታ ቤት ሲገቡ አባትዎን ወይም እናትዎን በወጣትነታቸው ጓደኛን፣ ገንዘብን፣ ታክሲን ምን ብለው ይጠሩ እንደነበር ይጠይቁ። የነገሩዎትን ከሰፈሩና ከዘመኑ ጋር ጽፈው ለዚህ ዓምድ ይላኩልኝ።