ዳኛና ሚዛን

ክረምት ሲመጣ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በፎገራ ሜዳ ይተኛሉ፤ ውሃው ሸሽቶ መሬቱ ሲደርቅ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጨዋታ ባለበትም ጠብ አይጠፋም፤ የተሸነፈው ወገን «ዳኛው አዳላ» ብሎ ይጮኻልና። ያው ዳኛ ትናንት ሲፈርድለት ግን አድልዎ ነው አላለም። እንዲህ ያለ ልጅ በወረታ ገበያ ሩዝ ሲሸጥ ሚዛኑን አመስግኖ፣ ሲገዛ ያንኑ ሚዛን ሐሰተኛ ነው ከሚል ነጋዴ አይለይም።

ዳኛም ሰው ነውና ይሳሳታል። ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩን አገር፣ በያውንዴ ከተማ፣ ሴኔጋልና ቡርኪና ፋሶ በአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲገናኙ ዳኛው ኢትዮጵያዊው ባምላክ ተሰማ ነበር። እርሱም ከዕረፍት በፊት ሁለት ጊዜ ለሴኔጋል ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ ነገሩ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ከተመረመረ በኋላ፣ ሕዝብ እያየ ቃሉን መለሰ። ሴኔጋልም ፍርዱ ቢሻርባት ጨዋታውን አልተወችም፤ ተጫውታ 3 ለ 1 አሸነፈች። ስሕተቱን አይቶ የሚመለስ ዳኛ አይዋረድም፤ አውቆ በስሕተቱ የሚጸና ግን አዳላ ቢባል ይገባዋል።

በፎገራ ሜዳ ፍርድን የሚመረምር ሥዕል የለም። ስለዚህ ኳስ እጁን እንደ ነካው የሚያውቅ ልጅ፣ ዳኛው ባያይ እንኳ፣ እርሱ ራሱ ይናገር። ለወገኑ ብሎ እውነትን የሚሸሽግ ሰው ዳኛውን «አዳላህ» ብሎ ለመክሰስ አፍ የለውም።